የድንግል ልደትና የዮሴፍ ጋብቻ፦ ከእህቴ ጋር የሰማነው የኦዲዮ ኮርስ እንዴት ነበር

እኔና ታላቅ እህቴ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን የተለያየ ነው፣ እሷ ኦርቶዶክስ ናት እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ እና ስንት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለን ስናወራ በሆነ አጋጣሚ ማርያም ከኢየሱስ በኋላም ድንግል ሆና ኖረች ወይ በሚል የማቴዎስ ምዕራፍ 1 ከተነሳ ወሬው እዛው ላይ ይቆማል። እኔ "እስክትወልድ ድረስ አላወቃትም ይላል እኮ እታለም" እላለሁ፣ እሷ ደግሞ "አንተ ልጅ፣ እስከ ማለት ከዛ በኋላ አወቃት ማለት ነው ያለህ ማነው?" ትለኛለች፣ ከዛ ሁለታችንም ዝም። ስለዚ አንድ ጓደኛዬ ስለ ድንግል ልደትና ስለ ማርያምና ዮሴፍ ጋብቻ ብቻ የተዘጋጀ ስምንት ክፍል ያለው የኦዲዮ ኮርስ አለ ሲለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ነገር "ይሄን እሷም ሳትቀየም እኔም ሳልቀየም አብረን መስማት እንችላለን ወይ" የሚል ነበር። ኮርሱን የመዘንኩትም በዚ ነው። ስሙን አልጠቅስም፣ ከታች የማነሳው ቅሬታ ስላለ፣ ግን እንደዚ ዓይነት ትምህርት ዳውንሎድ ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ ይጠቁማችኋል።

ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ክፍሎቹ እኩል አይደሉም። ሶስተኛውና አራተኛው እጅግ በጣም ጥሩ ናቸው፣ ሁለተኛው ተጣድፏል፣ ሰባተኛው መጨረሻ ላይ ያለው ኩዊዝ ደግሞ መታለፍ የሌለበት ስህተት ነበረው።

የመጀመሪያው ክፍል ሁላችንም የምንስማማበትን ነው የሚያስቀምጠው፣ ይሄ አጀማመር ራሱ ደስ ብሎኛል። ኢየሱስ ያለ ወንድ ዘር ከድንግል ተወለደ የሚለውን የሚተርኩት ማቴዎስና ሉቃስ ናቸው፣ ማርቆስና ዮሐንስ ልደቱን አይተርኩም፣ ጳውሎስም ገላትያ 4 ላይ "ከሴት የተወለደ" ብሎ ያልፋል። አስተማሪው ይሄን አይደብቅም። ግን ወዲያው ምን ያሳያል፣ የሁለቱ ወንጌሎች ትረካ ምን ያህል እንደሚለያይ፣ ማቴዎስ በዮሴፍ በኩል ሉቃስ በማርያም በኩል ነው የሚያዩት፣ መልአኩ አንዱ ጋ በህልም ለዮሴፍ ነው የመጣው ሌላው ጋ ደግሞ ፊት ለፊት ለማርያም፣ እንዲህ ተለያይተው ሳለ ግን ለዮሴፍ ታጭታ ነበር፣ ሳይገናኙ ፀነሰች፣ ከመንፈስ ቅዱስ ነው፣ ቤተልሔም ተወለደ የሚሉት ላይ አንድ ናቸው። ከዛ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረው የአንጾኪያው ኢግናጥዮስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ የማርያም ድንግልና ከዚህ ዓለም ገዢ የተሰወረ ምሥጢር ነበር ማለቱን ይጠቅሳል። የሃይማኖት መግለጫውም ላይ በ325 የኒቅያ ጽሑፍ ውስጥ ማርያም በስም እንዳልነበረችና "ከመንፈስ ቅዱስና ከድንግል ማርያም" የሚለው በ381 የቁስጥንጥንያው ላይ እንደምናገኘው ሲናገር እህቴ ፖዝ አድርጋ "ይሄን አላውቅም ነበር" አለች፣ እኔም አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ስለ ኢሳይያስ 7፥14 ነው። እዚህ ላይ ትንሽ አዝኛለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስለሆነ። ዕብራይስጡ "ዓልማ" ነው የሚለው፣ ለጋብቻ የደረሰች ወጣት ሴት ማለት ነው፣ ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት "ፓርቴኖስ" አሉት፣ ድንግል፣ ማቴዎስም የጠቀሰው ይሄንኑ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መካከል ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ባደረገው ክርክር ላይ አንዱ ትልቅ ጥያቄ ይሄው ቃል ነበር። ኮርሱ ይሄን ሁሉ ይላል፣ ግን በአስራ ምናምን ደቂቃ ነው የሚጨርሰው። ትንቢቱ መጀመሪያ ለንጉሡ ለአካዝ የተነገረ ምልክት መሆኑን፣ ለዛ ዘመን ሰው ምን ትርጉም እንደነበረው፣ አንድ ትንቢት ቅርብና ሩቅ ፍጻሜ ሊኖረው ይችላል የሚሉ ክርስቲያኖች እንዴት እንደሚያስረዱት በደንብ ቢያብራራ ኖሮ ከማያምን ሰው ጋር ለሚነጋገር ልጅ ትልቅ ስንቅ ይሆነው ነበር። ማቴዎስ እኮ ከቃሉ ተነስቶ ታሪክ ፈጠረ የሚሉ አሉ፣ ለዚህ ሉቃስ ኢሳይያስን ሳይጠቅስ ያንኑ ልደት መተረኩ አንድ ጥሩ መልስ ነው፣ አስተማሪው ግን ይሄን ነካ አድርጎ ብቻ ነው ያለፈው።

ሶስተኛው ግን! ስለ መታጨት ነው። እኔ በአማርኛ "እጮኛ" የሚለውን ሳነብ ሁሌም የሚመጣልኝ ቀለበት ያሰሩ ግን ገና ያልተጋቡ፣ ሃሳባቸውን ከቀየሩ ሊለያዩ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ነው። አስተማሪው ግን የዛን ዘመን የአይሁድ ጋብቻ ሁለት ደረጃ እንደነበረው ያስረዳል፣ መጀመሪያ ኤሩሲን ወይም ቂዱሺን የሚሉት፣ ቀጥሎ ኒሱኢን፣ ማለትም ሙሽራይቱ ወደ ባሏ ቤት የምትገባበት። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለች ሴት አብራው ባትኖርም በሕግ ሚስቱ ናት፣ ለመለያየት የፍቺ ጽሕፈት ያስፈልጋል፣ እሱ ቢሞት መበለት ናት፣ ከሌላ ወንድ ጋር ብትገኝ ደግሞ የሚቆጠርባት ምንዝር ነው። በ200 ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና፣ የአይሁድ መምህራን የሕግ ስብስብ ማለት ነው፣ ለድንግል ሙሽራ ለመዘጋጃ አስራ ሁለት ወር ይሰጣታል፣ እርግጥ ከማርያም ዘመን በኋላ የተጻፈ ስለሆነ ናዝሬት ውስጥ በትክክል እንዲህ ነበር ብሎ መማል እንደማይቻል አስተማሪው ራሱ ያስጠነቅቃል፣ ይሄን ጥንቃቄውን ወድጄዋለሁ። ግን ኦሪት ራሱ አለ፣ ዘዳግም 22 ላይ የታጨችውን ልጃገረድ ትንሽ ወረድ ብሎ "የባልንጀራውን ሚስት" ነው የሚላት። ታጭታለች፣ ሚስት ናት።

ከዛ ያሳየን ነገር ነው ቁጭ ያደረገኝ። ማቴዎስ 1፥19 በአማርኛችን "እጮኛዋ ዮሴፍም ጻድቅ ሆኖ ሊገልጣት ስላልወደደ በስውር ሊተዋት አሰበ" ይላል። ግሪኩ እዛ ቦታ ላይ "አኔር" ነው ያለው፣ ባሏ። ቁጥር 20 ላይ መልአኩ "እጮኛህን ማርያምን ለመውሰድ አትፍራ" ሲለውም ግሪኩ ሚስትህን ነው የሚለው። ተርጓሚዎቻችን ተሳስተው አይደለም፣ ገና አብረው አለመኖራቸውን ለአንባቢ ግልጽ ማድረግ ፈልገው ነው ይመስለኛል፣ ግን በዚህ ምክንያት እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳላየው ያለፍኩት ነገር አለ። ዮሴፍ ያሰበው እጮኝነት ማፍረስ አልነበረም፣ ያሰበው ፍቺ ነው። ማርያምም የፀነሰችው በሕግ ባል እያላት ነው። ስለዚ አደጋው ሐሜት ብቻ አልነበረም፣ ዘዳግም 22 ላይ ያለው ፍርድ ሞት ነው። እህቴ እዚህ ጋ ስትደርስ መጽሐፍ ቅዱሷን አውጥታ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከዛ ቀስ ብላ "አይ እመቤቴ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክማ ነው እንደ ቃልህ ይሁንልኝ ያለችው" አለች። እኔ ከዛ በፊት ማርያምን በዚህ በኩል አስቤያት አላውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው።

አራተኛው ክፍል ስለ ዮሴፍ ነው፣ ለኔ ከሁሉም የበለጠ ነው። ዮሴፍ በወንጌሎቹ ውስጥ አንዲት ቃል አይናገርም፣ የሚታየው ስራው ብቻ ነው። "ጻድቅ" የተባለው ለምንድነው የሚለውን ጥያቄ ይዞ ጊዜ ወስዶ ይሄድበታል። አንዱ አተረጓጎም ሕግ አክባሪ ስለሆነ ሊፈታት አሰበ፣ ርኅሩኅ ስለሆነ ደግሞ በስውር አደረገው የሚል ነው። ሌላው፣ በአስራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው በርናርድ ዘክሌርቮም የደገፈው፣ ዮሴፍ ነገሩ ከእግዚአብሔር መሆኑን ተረድቶ ልክ ጴጥሮስ "ከእኔ ተለይ" እንዳለው ራሱን እንደማይገባው ቆጥሮ ሊርቅ ፈለገ የሚለው ነው። እህቴ ሁለተኛውን ወደደች፣ እኔ የመጀመሪያው ከጽሑፉ ጋር የበለጠ ይሄዳል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም መልአኩ "ከመንፈስ ቅዱስ ነውና" ብሎ የሚነግረው እንደ አዲስ ነገር ስለሚመስል። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተለያየ ነገር ይዘን ሳንዘጋጋ ማውራት ቀጠልን።

ከዛ ወደ ትውልድ ሐረጉ ይገባል። ማቴዎስ "ወለደ፣ ወለደ፣ ወለደ" እያለ ከአብርሃም ጀምሮ ይወርድና ዮሴፍ ጋ ሲደርስ ሰዋስዉ ይሰበራል፣ ዮሴፍ ኢየሱስን ወለደ አይልም፣ "ክርስቶስ የተባለውን ኢየሱስን የወለደች የማርያምን እጮኛ ዮሴፍን ወለደ" ነው የሚለው። ሉቃስም 3፥23 ላይ "እንደመሰላቸው የዮሴፍ ልጅ" ይላል። እና ጥያቄው ይመጣል፣ ዮሴፍ ካልወለደው የዳዊት ዘር የሚባለው በምን በኩል ነው? ማርያምም ከዳዊት ወገን ናት የሚል የቆየ ትምህርት አለ፣ ኮርሱ ይጠቅሰዋል። ዋናው ክብደት ግን ያረፈው ስም ማውጣቱ ላይ ነው። ይሄን በአማርኛ ስታዩት እንዴት እንደሚያምር፣ ሉቃስ ላይ ለማርያም "ስሙንም ኢየሱስ ትዪዋለሽ" ይላታል፣ ማቴዎስ ላይ ደግሞ ለዮሴፍ "ስሙን ኢየሱስ ትለዋለህ" ይለዋል። ትለዋለህ! አንተ። ስም አውጥቶ ልጄ ነው ያለ ሰው በሕግ አባት ነው፣ ሚሽናም "ይሄ ልጄ ነው ያለ ይታመናል" የሚል ደንብ አለው። ማቴዎስ ምዕራፉን የሚዘጋውም በዚችው ነው፣ "ስሙንም ኢየሱስ አለው"። ስለዚ ጋብቻው ለሰው ዓይን ሽፋን እንዲሆን ብቻ የተደረገ ነገር አይደለም፣ ኢየሱስ የዳዊት ልጅ ተብሎ የሚጠራው በዚህ ጋብቻ ውስጥ ስለተወለደ ነው።

እዚህ ጋ የራሴን ልበል። እኔንና እህቴን ያሳደገን አባት የወለደን አይደለም። እናታችንን ሲያገባ እኔ ገና መራመድ አልጀመርኩም ነበር ይሉኛል፣ የምጠራውም በሱ ስም ነው። ሰው ሁሉ ስለ ድንግል ልደት ሲያስተምር ዮሴፍን እንደ ጥግ ሰው ነው የሚያስቀምጠው፣ አህያ እየጎተተ፣ በትር ይዞ። ሉቃስ 2፥48 ላይ ግን ማርያም ራሷ "አባትህና እኔ እየተጨነቅን ስንፈልግህ ነበርን" ትለዋለች። አባትህ ያለችው እሷ ናት፣ እንዴት እንደፀነሰች ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ። አስተማሪው ይሄን ካነበበ በኋላ ትንሽ ዝም ይላል፣ ቀረጻው ላይ ትንፋሹ ይሰማል። እታለምና እኔም አንተያይም ነበር።

አምስተኛውና ስድስተኛው የኛ ጠብ ነው፣ "እስክትወልድ ድረስ" እና "ወንድሞቹ"። ፈተናው እዚህ ነበር፣ አልፏል እላለሁ። የኔን ወገን ሲያቀርብ እኔ ራሴ ከማቀርበው የተሻለ አቀረበው፣ "ሳይገናኙ" የሚለው በኋላ መገናኘትን ይጠቁማል፣ ማቴዎስ 13 ያዕቆብን ዮሳን ስምዖንን ይሁዳን ወንድሞቹ ብሎ በስም ይጠራል፣ ግሪክ ደግሞ የአጎት ልጅ ለማለት የራሱ ቃል አለው፣ ቆላስይስ 4፥10 ላይም ተጠቅሞበታል። የእህቴን ወገን ሲያቀርብ ደግሞ እሷ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ነበር፣ የሳኦል ልጅ ሜልኮል "እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ልጅ አልወለደችም" ይላል፣ ከሞት በኋላ ወለደች ማለት አይደለም፤ አብርሃም የወንድሙን ልጅ ሎጥን ወንድሜ ብሎታል፤ ልጆች ቢኖሯት ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ ለዮሐንስ ለምን አደራ ይሰጣታል፤ ደግሞ የታጨች ልጅ ትወልጃለሽ ስትባል "ወንድ ስለማላውቅ ይህ እንዴት ይሆናል" ብላ የጠየቀችው ለምንድነው። ይሄ የመጨረሻው ላይ አውግስጢኖስ አስቀድማ ራሷን ለእግዚአብሔር ስለሰጠች ነው ብሎ እንደተረዳው ይናገራል። ድንግል በክልኤ፣ በሐሳብም በሥጋም፣ አለች እህቴ ከአስተማሪው ቀድማ።

ከታሪኩ የጠቀመኝ ደግሞ ነገሩ ሁለት ወገን ብቻ አለመሆኑን ማወቄ ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጳጳስ ኤጲፋንዮስና አብዛኛው ምሥራቅ ወንድሞቹ ዮሴፍ ቀድሞ ካገባት ሚስቱ የወለዳቸው ናቸው ይላል፣ ዮሴፍ ሽማግሌና ሚስቱ የሞተችበት ነበር የሚለው ሥዕልም የሚመጣው በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈው በያዕቆብ ስም ከሚጠራው የልደት ወንጌል ነው እንጂ አራቱ ወንጌሎች ዕድሜውን አይናገሩም። የላቲኑ ሊቅ ጀሮም ደግሞ በ383፣ ማርያም ከዮሴፍ ሌሎች ልጆች ወልዳለች ባለው በሄልቪዲየስ ላይ ሲጽፍ የለም የአክስት ልጆች ናቸው፣ ዮሴፍ ራሱም ድንግል ነበር አለ። ሉተር ዘላለማዊ ድንግልናዋን ያምን ነበር፣ ካልቪንም ከ"እስከ" ተነስቶ ከዛ በኋላ የሆነውን መደምደም አይቻልም ብሏል። ይሄን ስሰማ ትንሽ ደነገጥኩ፣ እኔ የፕሮቴስታንት ሁሉ አቋም ከመጀመሪያው አንድ ነበር ብዬ ነበር የማስበው። ሃሳቤን አልቀየርኩም፣ ግን እህቴን "መጽሐፍ ቅዱስ አታነቢም" ማለቴን ትቻለሁ፣ ይቅርታም ጠይቄያታለሁ።

ሰባተኛው ሳይገናኙ የኖሩ ከሆነ ጋብቻ ነው ወይ የሚለውን ይዞ ይመጣል፣ ይሄም ጥሩ ነው። አውግስጢኖስ አዎ ነው ይላል፣ የጋብቻ ሶስቱም መልካም ነገሮች አሉበት፣ ልጁ ጌታ ራሱ ነው፣ ታማኝነቱ ምንዝር ስላልነበረ፣ ማሰሪያው ፍቺ ስላልነበረ። በአስራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን በምዕራብ ጋብቻን ጋብቻ የሚያደርገው ፈቃድ ነው ወይስ ሩካቤ ሲባል ይሄው የማርያምና የዮሴፍ ጋብቻ የክርክሩ መሃል ነበር፣ የዛን ዘመን የነገረ መለኮት መምህር ጴጥሮስ ሎምባርድ ፈቃድ ነው ብሎ ሲቆም ለዚህም ጭምር ነው። ቀረብ ብለው እንደ ባለሙያ ነው የሰሩት።

ቅሬታዬ እዚህ ነው። የሰባተኛው ኩዊዝ ላይ "ኢየሱስ ያለ ወንድ ዘር መፀነሱን የሚያስተምረው ዶግማ የቱ ነው" ይልና ትክክለኛ መልስ ብሎ ያስቀመጠው "ንጹሕ ፅንሰት" የሚለውን ነበር። ፍጹም ስህተት ነው። ንጹሕ ፅንሰት የካቶሊክ ዶግማ ነው፣ በ1854 ፒዮስ 9ኛ ያወጁት፣ የሚናገረውም ማርያም ራሷ በእናቷ ማኅፀን ስትፀነስ ከአዳም ኃጢአት ተጠብቃለች ስለሚለው እንጂ ስለ ኢየሱስ መፀነስ አይደለም። ይሄን ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ሰው ጋ አለ፣ ኮርስ ግን የተሰራው ለማጥራት ነበር። እኔ "ድንግል ልደት" ብዬ ስመልስ በቀይ ተሳስተሃል አለኝ፣ እህቴም ሞከረች እሷንም ቀይ። ኢሜይል ጻፍኩ፣ ብዙ ቀን መልስ የለም፣ ደግሜ ጻፍኩ፣ ከዛ አንድ መስመር መልስ መጣና አስተካክለውታል። ማስተካከላቸው ጥሩ፣ ግን ከኛ በፊት ስንት ሰው ያንን ስህተት እውነት ብሎ ይዞ ሄዷል የሚለው ያሳስበኛል፣ የተስተካከለ መሆኑንም የትም አላሳወቁም።

ሌላው ቴክኒክ ነው። አብሮ የሚመጣው ፒዲኤፍ ላይ የዕብራይስጥና የግሪክ ፊደሎቹ ስልኬ ላይ ባዶ ካሬ ካሬ ሆነው ነው የሚወጡት፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ይሰራል። የስድስተኛው ኦዲዮ መሃል ላይ ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሆናል። ስምንተኛው ክፍል ለተቃዋሚዎች መልስ ነው የተባለው፣ አጭር ነው፣ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ኦሪጀን የመለሰለትን፣ ክርስቲያን ያልሆነውን ፈላስፋ የኬልሱስን ክስ፣ ማለትም ጳንቴራ ከሚባል ወታደር ወለደችው የሚለውን አንስቶ ሳይጨርሰው ወደ መዝጊያ ጸሎት ይሄዳል። ጸሎቱ ያምራል፣ ግን መልሱን መስማት ፈልጌ ነበር።

እንደዚ ዓይነት ኮርስ ስትመርጡ እኔ የማየው ይሄን ነው፣ "እጮኛ" የሚለውን ቃል አስረድቶ ያልፋል ወይስ እንደ ዛሬው ነው የሚወስደው፣ የሌላውን ቤተ ክርስቲያን አቋም የዛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሰማው "አዎ እንደዚ ነው የማምነው" ይላል ወይ፣ ንጹሕ ፅንሰትንና ድንግል ልደትን ይለያል ወይ። ይሄኛው በሁለቱ አልፏል በሶስተኛው መጀመሪያ ወድቆ ነበር። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ፣ እህቴ አምስት ይገባዋል ብላለች፣ ስለ ኩዊዙ ከኔ በላይ ተናዳ የነበረችው እሷ ሆና።

ስልኬ ሞልቶ ባለፈው አብዛኛውን አጥፍቻለሁ፣ እሷም እንደዛው። አራተኛው ግን ሁለታችንም ጋ አለ። ቅዳሜ ቤት ስንሰባሰብ ለአባታችን ልናሰማው ነው፣ ጆሮው ትንሽ ደከም ስላለ ስፒከር አመጣለሁ ብያታለሁ፣ እሷ ደግሞ ያቺን "ትለዋለህ" የምትለዋን ቁጥር አስምራበት መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ትመጣለች።